ሥዕል የሚናገረውና የሚሰውረው

አንባቢ ሆይ፤ ሠዓሊ የአንድን ባለሥልጣን መልክ በዘይት ቀለም ሲሥል፥ አንዳች ሐሰት ሳይጨምር ሊያታልለን ይችላልን? ይህን ጥያቄ በአንድ ሥዕል እንመርምረው።

በፖርቱጋል ንጉሥ በቀዳማዊ ዦዜ ዘመን፥ ኋላ የፖምባል ማርኪዝ የተባለው ሚኒስትር የመንግሥቱን ሥራ ሁሉ በእጁ ይዞ ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1766 ዓ.ም. ቫን ሎና ቬርኔ የተባሉ የፈረንሳይ ሠዓሊዎች ሣሉት። በሥዕሉም በክብር ተቀምጧል፤ በአጠገቡ የሊዝቦን ከተማ ንድፍ አለ፤ እጁንም ዘርግቶ ከአገር ያስወጣቸውን የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኮሳት የሚወስዱትን መርከቦች ያመለክታል።

ንድፉ እውነት ነው። በ1755 ሊዝቦን በምድር መናወጥ፥ በማዕበልና በእሳት በጠፋች ጊዜ፥ ይህ ሰው ሳይደነግጥ ከተማይቱን እንደ ገና አሠራ፤ ሰፋፊ መንገዶችን አስቀየሰ፤ ቤቶቹም መናወጥን እንዲችሉ በግንባቸው ውስጥ የተጋጠመ እንጨት እንዲገባ አደረገ። ስለዚህ ምስጋና ይገባዋል።

ነገር ግን በሸራው ላይ የሌለውን ደግሞ እናስተውል። በ1759 የታቮራ ቤተ ሰዎች ንጉሡን ሊገድሉ አሲረዋል ተብለው በአደባባይ በጭካኔ ተገደሉ። በ1761 ማላግሪዳ የተባለ ሽማግሌ ካህን ታንቆ ሬሳው ተቃጠለ። የእነዚህ ሰዎች ደም በሥዕሉ ውስጥ አይታይም።

የሰው ፍርድም ይለዋወጣል። በ1775 በንጉሡ ሐውልት ሥር የሚኒስትሩ መልክ በነሐስ ተቀርጾ ተተከለ፤ በ1777 ንጉሡ ሲሞት እርሱ ተሻረ፥ ነሐሱም ተነቀለ፤ በ1833 ተመልሶ ተተከለ። ነሐሱ ሲነቀል የሠራው ከተማ አልፈረሰም፤ ሲመለስም የታረዱት አልተነሡም።

ምናልባት፥ «በአንድ ሸራ ሁሉ ነገር አይሣልም» ትል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን እኛም ስለ ራሳችን ለጎረቤት ስንናገር ሠዓሊዎች ነን፤ የሰጠነውን ምጽዋት በብርሃን እናኖራለን፥ ደመወዙን የያዝንበትን ሠራተኛ ግን ከሸራው ውጭ እናስቀራለን። ምጽዋቱ መልካም ነው፤ የሠራተኛውን ዕዳ ግን አይከፍልም፤ ለአንዱ የተደረገ በጎነት ለሌላው የተደረገውን በደል አይሽርምና።

እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፤ ሥዕልህን በምታይበት ጊዜ፥ «በዚህ ውስጥ የሌለው ማን ነው?» ብለህ ጠይቅ። ሙታንን መካስ አይቻልም፤ አንተ የበደልኸው ግን ገና በሕይወት ሳለ ሂድና ካሰው።