የመርከቧ ሰዎች

 

ስለ ሀበሻ ሂጅራ ስናወራ ሁሌም የምናወራው ስለ መሄዱ ነው። የነጃሺ ፍትሕ፣ ጀዕፈር (ረ.ዐ) ንጉሡ ፊት ቆሞ ሱረቱ መርየምን መቅራቱ... እኛ የዚህ አገር ልጆች ደግሞ ታሪኩ ሲነሳ ደስ ይለናል፤ ይገባናልም። እስቲ ዛሬ ስለ መመለሱ እናውራ።

ዘመኑ 7ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው፣ በፈረንጆቹ 628። ጀዕፈርና ጓዶቹ ከመካ ከወጡ ከአስር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ነጃሺ በሁለት መርከብ አሳፈራቸውና ባሕሩን ተሻገሩ። አብረዋቸው አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪና (ረ.ዐ) ወገኖቹም ነበሩ። የነሱ ነገር ለብቻው ይገርማል! ከሃምሳ በላይ ሆነው ከየመን ሲነሱ መሄድ የፈለጉት ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነበር፤ መርከቧ ግን ወስዳ ሀበሻ ምድር ላይ ጣለቻቸው። እዚያ ጀዕፈርን አገኙትና አብረውት ቆዩ።

ተመለሱ እንላለን እንጂ እነ ጀዕፈር የወጡት ከመካ ነው፤ አሁን የሚገቡት መዲና ነው። ልጆቻቸው ሀበሻ የተወለዱ ናቸው። ያቺ ከተማ ቤታቸው የሆነችው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስላሉባት ነው።

ደግሞ ስንት ነገር አምልጧቸዋል! በድር አልፏል። ኡሑድ አልፏል። ኸንደቅ አልፏል። እነሱ ሲደርሱ ኸይበር ገና መከፈቷ ነበር። ያም ሆኖ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመቻው ላይ ያልነበሩትን እነዚህን የመርከብ ሰዎች ከኸይበር ድርሻ ሰጧቸው። በዘመቻው ላልነበረ ለሌላ ለማንም አልሰጡም።

ታሪኩ ግን እዚህ አላለቀም። ከተመላሾቹ አንዷ የጀዕፈር ባለቤት አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ነበረች። አንድ ቀን ሐፍሷን (ረ.ዐ) ልትጠይቅ ሄዳ ሳለ ዑመር (ረ.ዐ) ገቡ። ማን እንደሆነች ጠየቁና ሲነገራቸው፣ «ሀበሻዋ ናት? የባሕሯ?» አሉ። ከዚያም በሂጅራ እኛ ቀድመናችኋል፣ ስለዚህ ለአላህ መልእክተኛ የቀረብን እኛ ነን አሏት።

አስማእ ተቆጣች። ዝም አላለችም። እናንተ ከነቢዩ ጋር ነበራችሁ፤ የራበውን ያበሉላችሁ ነበር፣ ያላወቀውን ያስተምሩላችሁ ነበር፤ እኛ ግን ሩቅ የባዕድ አገር ነበርን፣ እንቸገር ነበር፣ እንፈራ ነበር፣ ይህም ሁሉ ለአላህና ለመልእክተኛው ብለን ነው አለቻቸው። ይህን ለነቢዩ ሳልነግር እህልም ውኃም አልቀምስም ብላም ማለች። አልዋሽም፣ አልጨምርም አለች። (ዑመርን (ረ.ዐ) እዚህ ላይ እንዳንወቅስ፤ እሳቸውም የተናገሩት ለነቢዩ ካላቸው ፍቅር ነው።)

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጡ፣ ሰሙ። መልሳቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል፤ መልእክቱም ይህ ነው፦ ዑመር ከናንተ ይልቅ ለኔ የቀረበ አይደለም፤ ለሱና ለጓደኞቹ አንድ ሂጅራ አላቸው፣ ለናንተ ለመርከቧ ሰዎች ሁለት ሂጅራ አላችሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አስማእ ራሷ ታወራለች። የመርከቧ ሰዎች ቡድን ቡድን እየሆኑ ይመጡባትና ያንን ቃል ይጠይቋት ነበር። ከዱንያ ነገር ከዚያ በላይ የሚያስደስታቸው አልነበረም። አቡ ሙሳ ደጋግማ እንድትነግረው ይጠይቃት ነበር።

ወላሂ፣ እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም ቆም እላለሁ። እነዚህ ሰዎች ለካ ዝም ብለው የተሸከሙት ነገር ነበራቸው። እኛ አልነበርንም፣ ዘግይተናል፣ ሌሎቹ ቀድመውናል የሚል።

ይህን ስሜት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከዐረብ አገር ስንት ዓመት ለፍታ የተመለሰች እህታችን ሰላምታው ሳያልቅ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ትባላለች። በሌለችበት እናቷ ተቀብራለች፣ እኩዮቿ ተድረዋል፣ ታናናሾቿ አያውቋትም። ከሰላት ርቆ ከርሞ ዛሬ መስጂድ የመጣ ወንድማችንም አለ፤ ሰፍ ላይ ሲቆም የሚያየው የሌሎችን አስተያየት ነው። እስከዛሬ የት ነበርክ? የሚል። ይህን የጠየቅነው እኛው እንሆናለን። እህቴ፣ እዚያ ሆነሽ በሰው ቤት ማድቤት ውስጥ ተደብቀሽ የሰገድሽውን ሰላት እዚህ ማንም አላየውም። አላህ (ሱ.ወ) ግን አይቶታል።

አንዲት ልጅም ነበረች፣ ኡሙ ኻሊድ የምትባል፤ ሀበሻ የተወለደች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ጥለት ያላት ትንሽ ጥቁር ልብስ መጣች። ለማን እንስጣት ብለው ጠየቁ፤ ሰዉ ዝም አለ። ኡሙ ኻሊድን አምጡልኝ አሉ። ታቅፋ መጣች። በእጃቸው አለበሷት፣ ለብሳ እንድታስረጃትም ዱዓ አደረጉላት። ከዚያ ጥለቱን እያሳዩ በዐረብኛ ሳይሆን ልጅቷ ባደገችበት ቋንቋ «ሰናህ» አሏት፤ ታምራለች ማለታቸው ነው። የኛን «ሠናይ» አያስታውሳችሁም?

ሰለዋት አብዙ። አላሁመ ሰሊ ዐላ ሙሐመድ።