ዘግይቶ የሚለወጥ ሙያ



በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ልጃቸውን ሕክምና የሚያስተምሩ ወላጆች አሉ። ተማሪው ምረቃው ሲቃረብ፣ ለዓመታት ሲዘጋጅበት የኖረውን የቀዶ ሕክምና ዘርፍ ትቶ ወደ ሌላ ልዙር ሲል ወላዋይ እንለዋለን። ፈላጊው ብዙ፣ ቦታው ጥቂት በመሆኑም ያለፈው ድካሙ በከንቱ የቀረ ይመስለናል። ፍርዳችን ግን ይቸኩላል።

ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 በሦስት ዓመት ውል አዲስ አበባ የገቡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ ነበር። የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ቢሆኑም በወሊድ የሚመጣ ፊስቱላ አይተው አያውቁም። ምጥ ለቀናት የጸናባቸው፣ ሕፃናቸውን ቀብረው ሽንታቸውን መቆጣጠር የተሳናቸው እናቶች ከደጃቸው ሲቆሙ ግን ያንን ረቂቅ ጥገና እንደ ጀማሪ ተማሩ። ሆስፒታላቸው እ.ኤ.አ. በ1974 ተከፈተ፤ ለእኛ የሚቀርበው የባሕር ዳሩ ማዕከል ደግሞ በ2005። የቀድሞ እውቀታቸው አልባከነም፤ የአዲሱ መሠረት ሆነ እንጂ።

ለክብር ወይም ለገንዘብ ሲል የሚዞርም አለ፤ አንክድም። እንዲህ ያለው ሰው በመጀመሪያው ዘርፍ ቢጸናም ልቡ ያው ነው። ስለዚህ ተማሪውን «ስንት ዓመት አባከንህ?» ከማለት «ማንን አይተህ ነው?» ብንለው ይሻላል።

አንድ ዕዳ ግን አለበት። ሲያሠለጥኑት የኖሩት መምህሩ ሐሳቡን ከሌላ ሰው ሊሰሙ አይገባም፤ ራሱ ቀርቦ፣ ሌላ ተማሪ ቦታውን ለማግኘት ጊዜ ሳያልፍበት፣ ይንገራቸው።