ግማሽ እንጀራን እምቢ ያለ ሰው ዘካት ይገባዋልን?

 

ከባቱ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ቡልቡላ ከዛሬ ሃያ ዓመት በፊት የምትታወቀው በእርሻና በከብት ነበር። ዛሬ ግን ከልጆቿ ብዙዎቹ የሚያድሩት በደመወዝ ነው። ከፊሉ በባቱ ዙሪያ ወዳሉት የጽጌረዳ እርሻዎች ይሄዳል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያው ደጃፏ ላይ ነው። ደመወዝ በገባበት ቤት ሁሉ ደግሞ ቅነሳ የሚባል እንግዳ አንድ ቀን ማንኳኳቱ አይቀርም።

በዚህችው ከተማ የአንድ መስጂድ ጀማዓ ለዘካት የችግረኞችን ስም ሲመዘግብ ክርክር ተነሣ። ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ አንዲት እህት አራት ዓመት ካገለገለችበት ድርጅት «ሥራ ቀዝቅዟል» ተብላ ተቀንሳለች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ድርጅቱ «በሳምንት ሦስት ቀን፣ በግማሽ ደመወዝ ተመለሽ» ብሎ ጠራት። እሷም አልሄደችም። ስሟ ሲነበብ አንድ አዛውንት፣ «ሥራ ተሰጥቷት እምቢ ያለች ከዘካት ምን ድርሻ አላት?» አሉ። አንድ ወጣት፣ «ሐጂ፣ ግማሽ ደመወዝ እኮ የቤት ኪራይ አይከፍልም» ብሎ መለሰላቸው። ስሟ ሳይጻፍም ሳይሰረዝም በእንጥልጥል ቀረ።

በሌሎች አገሮች እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚመልሰው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ነው። ሥራ ላጣ ሰው አበል የሚከፍሉ መንግሥታት «ተስማሚ ሥራ» ቀርቦለት ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ያለን ሰው አበሉን ይከለክሉታል። ጀርመን ደግሞ ድርጅቶች ሠራተኛ ከማባረር ይልቅ ሰዓት ሲቀንሱ ከጎደለው የተጣራ ደመወዝ 60 በመቶውን፣ ልጅ ላለው 67 በመቶውን ትሸፍናለች። በእኛ አገር የሥራ አጥነት አበል የለም። በ2014 ዓ.ም. የወጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ እንዲያዋጡ ያደርጋል። ገንዘቡ ግን ለእርጅና፣ ለአካል ጉዳትና ለሟች ቤተሰብ እንጂ ሥራ ለፈታ ሰው አይደለም። የተቀነሰ ሠራተኛ ያለው የስንብት ክፍያው ነው። ከዚያ በኋላ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ዘካት አለ። እንግዲህ በሌላ አገር ጸሐፊው በመስኮት አጮልቆ የሚጠይቀውን ጥያቄ እኛ በመስጂድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን እንጠይቃለን። የምንመልሰውም በአላህ (ሱ.ወ.) ፊት ነው።

አዛውንቱ ያለ ማስረጃ አልተናገሩም። አቡ ዳውድና ነሳኢይ እንደዘገቡት፣ ሁለት ሰዎች ዘካት ሲከፋፈል ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥተው ጠየቁ። ነቢዩም ከእግር እስከ ራሳቸው ተመልክተው ጠንካሮች መሆናቸውን ባዩ ጊዜ፣ ከፈለጉ እንደሚሰጧቸው፣ ነገር ግን ለሀብታምም ሆነ ሠርቶ ለሚያገኝ ጠንካራ ሰው በዘካት ውስጥ ድርሻ እንደሌለ ነገሯቸው። ልመናን የሚያወግዘውና እንጨት ለቅሞ መሸጥን የሚያስመርጠው ሐዲስም የታወቀ ነው። ሃይማኖታችን ስንፍናን አይቀልብም።

ነገር ግን ሐዲሡ «ጠንካራ» ብሎ አላቆመም፤ «ሠርቶ የሚያገኝ» የሚል አክሎበታል። ጉልበት ብቻውን ሚዛን አይደለም ማለት ነው። የሻፊዒያ ሊቃውንት፣ ከነሱም ኢማም ነወዊ፣ የሚያሠራው ያጣ ባለሙያ ዘካት እንደሚፈቀድለት አስፍረዋል። ከሥራም የሚታሰበው ለሰውየው ሁኔታ የሚስማማው ነው ብለዋል። ሚዛኑ ኪፋያ፣ ማለትም ለእሱና ለሚያስተዳድራቸው የሚበቃ ኑሮ ነው። አሥር የሚያስፈልገው ሰባት ወይም ስምንት ቢያገኝ ሚስኪን ይባላል፤ ሁለት ወይም ሦስት ቢያገኝ ፈቂር ነው። ሁለቱም በሱረቱ ተውባህ 60ኛ አንቀጽ ከተዘረዘሩት ስምንት ባለ ድርሻዎች መካከል ናቸው። ሐነፊያዎች በበኩላቸው ሀብቱ ኒሷብ ላልሞላ ሰው ጤነኛና ሠራተኛ ቢሆንም ዘካት መስጠትን ይፈቅዳሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግልጽ የሆነው በሱረቱል ከህፍ 79ኛ አንቀጽ ያለው የመርከቢቱ ታሪክ ነው። ባለቤቶቿ መርከብ ያላቸው፣ በባሕር ላይም የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ሆኖም ቁርኣን የጠራቸው ሚስኪኖች ብሎ ነው። ሥራ ያለው ሁሉ የበቃው አይደለም።

አሁን ወደ እህታችን እንመለስ። ለመሆኑ የቀረበላት ምን ነበር? ሦስቱ ቀኖች የታወቁ አልነበሩም። ማታ ስልክ ተደውሎ «ነገ ነይ» ይባላል። ስለዚህ በቀሩት ቀኖች ሌላ ሥራ መያዝ አትችልም። የድርጅቱ ሰርቪስ ስለማይመጣላት የባጃጁን ከኪሷ ትከፍላለች። ልጆቿንም የሚጠብቅላት ሰው መቅጠር አለባት። የቤት ኪራይ ደግሞ በወር እንጂ በሦስት ቀን አይቆረጥም። የተቀነሰው ደመወዟ እንጂ ሳምንቷ አልነበረም። ይህን ሥራ እምቢ ማለት ሪዝቅን መግፋት ነው ለማለት እኔ አልደፍርም።

እዚህ ላይ ግን ለሌላውም ወገን ፍትሕ እናድርግ። ግማሹ ሥራ ከሌላ ገቢ ጋር ተደምሮ የሚበቃው ሆኖ ሳለ፣ ወይም «እኔን የመሰለ ሰው በግማሽ ደመወዝ!» በሚል ኩራት ብቻ የተወ ሰው የሚስኪኖችን ድርሻ መንካት የለበትም። ፉቀሃዎች ለሱና ዒባዳ ብሎ ሥራውን ለተወ ሰው እንኳ ዘካት ከከለከሉ፣ ለኩራት ብሎ የተወው እንዴት ይፈቀድለታል?

እህታችንን ለምን እንዳልሄደች የጠየቃት ሰው ካገኘው መልስ አንዱ እኔን ከሁሉ በላይ አስደንግጦኛል። «ሦስት ቀን ከሠራሁ ሥራ ይዛለች ተብዬ ከዘካቱ መዝገብ እሰረዛለሁ» አለች። ልብ በሉ! ግማሹን ሥራ የያዘችውን «ሠራተኛ ናት» ብለን እንሰርዛታለን፤ የተወችውን «ሰነፍ ናት» ብለን እንሰርዛታለን። ሁለቱንም በር ዘግተን ስናበቃ በየትኛው ትግባ? ይህን አሠራር ሸሪዓው አላመጣውም፤ እኛው ነን ያመጣነው። አምስት የሚያስፈልጋትን ሁለት ተኩል ስታገኝ የጎደለውን ብንሞላላት ኖሮ ምናልባት ሥራውንም አትተወውም ነበር። ስንፍናን የምንፈራ ከሆነ ግማሽ ሥራ የያዘን ሰው ከመዝገብ መሰረዝ ራሱ ስንፍናን ያስተምራል።

ለአሠሪዎችም አንድ ቃል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የአበባን ገበያ ሲያዳክም፣ በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ የአጎዋን ዕድል ስትነፍገን፣ ከሀዋሳ ፓርክ ጀምሮ ብዙ ወጣቶች ያለ ጥፋታቸው ሥራ ፈትተዋል። ባለሀብቱም መክሰሩ እውነት ነው። ነገር ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በቅነሳ የተሰናበተ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት የዚያን ሲሶ፣ በላዩም የ60 ቀን ደመወዝ ይከፈለዋል። ለአራት ዓመት ሠራተኛ ይህ የ120 ቀን ደመወዝ ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላው «በፈቃዴ ለቅቄአለሁ» ብሎ የፈረመ ግን በመደበኛው ሁኔታ የስንብት ክፍያ የለውም። እንግዲህ አንዲት ፊርማ ምን እንደምትበላ ተመልከቱ። ግማሽ ሥራ እምቢ ያለችን ሠራተኛ ማንበብ በማትችለው ወረቀት ላይ «በፈቃዷ» ብሎ ማስፈረም የሠራተኛን ደመወዝ ከመካድ አይተናነስም። ሠራተኛ አሠርቶ ዋጋውን የከለከለን ሰው አላህ ራሱ በቂያማ ቀን እንደሚሟገተው ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲሥ ሰምተናል።

የዘካት ኮሚቴዎቻችን እንግዲህ «ሥራ አለህ ወይስ የለህም?» የሚለውን ጥያቄ ትተው «ምን ያህል ይበቃሃል? ምን ያህል ታገኛለህ?» ብለው ይጠይቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሁለቱን ሰዎች እውነቱን ነግረው ለኅሊናቸው እንደተዉአቸው፣ እኛም ድሀውን በሰው ፊት አንመርምረው። የዚያችን እህት ስም በእንጥልጥል የተውነው መዝገብ ነገ በእኛ ላይ የሚነበብ መዝገብ እንዳይሆን እንፍራ።

ወላሁ አዕለም።