በበረዶ ወራት የታመነ ጠባቂ

አንባቢ ሆይ፤ እግዚአብሔር ከብትን በሰው እጅ ባኖረ ጊዜ ሥጋውንና ወተቱን ብቻ አልሰጠም፤ ሕይወቱንም አደራ ሰጠ እንጂ። አደራም የሚፈተነው በክፉ ቀን ነው።

በአሜሪካ አገር በደቡብ ዳኮታ ምዕራብ ክፍል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ዓመት በኦክቶበር ወር መጀመሪያ የሆነውን አስብ። አስቀድሞ ዝናብ ወርዶ ከብቶቹን አራሰ፤ ወዲያው በረዶና ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ተከተለ፤ በአንዳንድ ስፍራም በረዶው ከ1 ሜትር በላይ ተከመረ። ከብቶቹ ገና በሞቃቱ ወራት መሰማሪያቸው ነበሩ፤ የብርድ ጠጕራቸውም አልበቀለም ነበር። ከ10,000 የሚበልጡ ሞቱ።

ይህን ሰምተህ በጠባቂዎቹ ላይ ለመፍረድ አትቸኵል። ማዕበሉ ከወትሮው ቀድሞ ደረሰባቸው፤ ብዙዎችም መንገድ ተዘግቶባቸው ወደ መንጋቸው ሊደርሱ አልቻሉም። በሌላ አውራጃ ያሉ ባለ ከብቶች ግን ስለ ፍርድ አልተከራከሩም፤ ከመንጋቸው ጊደሮች ለይተው ላኩላቸው እንጂ። ወቀሳ የሚገባው አቅም ላጣ ሳይሆን አቅም ሳለው ለሰነፈ ነው።

የታመነ ጠባቂ የሚሠራውን ተመልከት። ማዕበሉ ሳይመጣ ድርቆሽ ያከማቻል፤ ነፋስ የሚመልስ አጥር ይሠራል። ድርቆሽ በከብት ሆድ ሲብላላ ሙቀት ይሰጣልና ብርዱ ሲበረታ መኖውን ይጨምራል። ደረቅ ጠጕር ለላም እንደ ጋቢ ነው፤ የራሰ ግን አያሞቅምና ደረቅ ገለባ ያነጥፍላታል። በመጠጫው ላይ የረጋውን በረዶ ይሰብራል፤ የተጠማ ከብት ደኅና አድርጎ አይበላምና። በማዕበል ሌሊት የተወለደውንም ጥጃ አድርቆ እንገሩን ሳይዘገይ ያጠባዋል።

«ዛሬ ሰንበት ነው» ብሎም ይህን ሥራ አይተውም። ጌታችን በሰንበት ስለ ፈወሰ የነቀፉት ሰዎች ራሳቸው በሬያቸውን ፈትተው ውኃ ያጠጡ እንደ ነበረ አሳስቧቸዋልና። ያዕቆብም በቀን ሐሩሩን በሌሊት ቍሩን ታግሦ መንጋ ሲጠብቅ መንጋው የላባ ነበረ፤ የሌላ ሰው ከብት ነው ብሎ አልሰነፈም።

አንተ ምናልባት የከተማ ሰው ወይም ተማሪ ነህ፤ በረት የለህም፤ በረዶም ስትል ከዝናብ ጋር የሚወርደውን ጠጠር ታስባለህ። ነገር ግን በደጅህ የታሰረ በግ፥ ዕቃህን የሚሸከም አህያ፥ ጋሪህን የሚስብ ፈረስ ይኖር ይሆናል። እርሱ ወደ ዳኛ ሄዶ አይከስህም፤ ስለ በደሉም ምስክር አይጠራም። ስለዚህ በእርሱ ላይ የምታደርገው ነገር ልብህን ይገልጣል፤ ለሰው አፍ ፈርተህ ያደረግኸው አይደለምና። ፈጣሪው ግን ያያል።

እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፤ ዛሬ ማታ ጸሎትህን ሳትጀምር በፊት ወደ ደጅ ውጣ። መኝታው ደረቅ መሆኑን፥ ውኃውም አለመጕደሉን እይ። ከዚያ በኋላ ተመልሰህ ጸልይ።