ሁለተኛውን ደብዳቤ ፈልጊ

ልጄ፣ ቂሊንጦ ካለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀሽ ከአሜሪካ «ተቀብለንሻል» የሚል ደብዳቤ ሲመጣልሽ ሰፈሩ እልል ማለቱ አይቀርም። ይበል! አባትሽ ግን የቱሉ ዲምቱን ኮንዶሚኒየም ለመሸጥ ደላላ ሳይጠራ ሁለተኛውን ደብዳቤ ፈልጊ። የመጀመሪያው መግባትሽን እንጂ ማን እንደሚከፍል አይነግርሽም።

እዚያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ዋጋ አላቸው፤ ለስቴቱ ነዋሪ አንድ፣ ከውጭ ለመጣ ሌላ። የውጪው ብዙ ጊዜ እጥፍና ከዚያም በላይ ነው፤ ነዋሪው ለስቴቱ ግብር ይከፍላላ። «አንድ ዓመት ከኖርሽ ይቀንስልሻል» የሚልሽ ዘመድ አይጠፋም። እሱ የሚሠራው በአብዛኛው ከሌላ ስቴት ለሄደ አሜሪካዊ ነው፤ በተማሪ ቪዛ የገባ ሰው ዓመታት ቢቆይም ብዙ ቦታ እንደ ውጭ ሰው ነው የሚቆጠረው።

ለእንዳንቺ ያለው ዋናው በር አሲስታንትሺፕ ነው። በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ታስተምሪያለሽ ወይም ላብራቶሪ ትሠሪያለሽ፤ እነሱ ደግሞ የትምህርት ክፍያውን ያነሡልሻል፣ ለኑሮሽም ይከፍሉሻል። ይህ በብዛት የሚሰጠው ለፒኤችዲ ነው፤ ማስተርስ የሚማር አብዛኛው ከኪሱ ይከፍላል። ብዙ የትምህርት ክፍሎች ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለፒኤችዲ ስለሚቀበሉ፣ ምርምር ከወደድሽ እኔ የምመርጥልሽ ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው፣ የገንዘቡ ደብዳቤ ሲመጣ «የትምህርት ክፍያ ተነሥቶልሻል» የሚለው መስመር ላይ እንዳትቆሚ። የተነሣው ሙሉው ነው ወይስ የውጭ ሰው የሚጨምረው ልዩነት ብቻ? ልዩነቱ ብቻ ከሆነ የነዋሪው ክፍያ አንቺው ላይ ነው። «ፊ» የሚሏቸው ጥቃቅን ክፍያዎችና የጤና መድኑስ? ደመወዙ የ9 ወር ነው ወይስ የ12? የ9 ወር ከሆነ የእነሱን በጋ በምን ልትኖሪ ነው?

ነሐሴ ላይ ከገባሽ የመጀመሪያው ደመወዝ መስከረም ሊገባ ይችላል፤ የቤት ኪራይና ቀብድ ግን አይጠብቁሽም። የአባትሽ ዕቁብ ለዚህና ለትኬቱ ይሁን። ለትምህርት ክፍያው አይሞከርም፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል።

የኮስት ሼሪንግ ዕዳሽንም ከወዲሁ አስቢበት። ለማመልከቻ ስቱደንት ኮፒ የሚቀበሉ ብዙ ናቸው፤ ከተቀበሉሽ በኋላ ግን ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ይጠይቁሻል፤ ዕዳው ካልተዘጋ ደግሞ የቂሊንጦው ሬጅስትራር አይልክልሽም።

አንድ ቀን ያዢልኝ፦ ሚያዝያ 7፣ በእነሱ ኤፕሪል 15። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ ድጋፍ የሰጡትን ተማሪ ከዚያ ቀን በፊት መልስ እንዲሰጥ ላያስገድዱት ተስማምተዋል። ያላለቀልሽን ሁሉ ከዚያ በፊት በኢሜይል ጠይቂ፤ ይሉኝታ አይያዝሽ፣ እነሱ ዘንድ ስለ ገንዘብ መጠየቅ ነውር የለውም። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ።