ማንም ያላያት አደይ



ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጦሳ ተራራ ሌላ መልክ ይይዛል። ሐምሌንና ነሐሴን ደሴ ላይ ተኝቶ የከረመው ጉም ጠዋት ተነስቶ ከሰዓት ይመለሳል። መሬቱ ገና ጭቃ ነው። ሌላ አገር ጸደይ የሚሉት የአበባ ወቅት በእኛ በሰሜኑ ተራሮች የሚገባው እንዲህ ነው፤ ያገሬ ገበሬ ጥቢ ይለዋል። ማገጡ ሜዳውን ይሸፍናል። ከዚያ አንድ ቀን ከድንጋይ ሥር አንዲት ቢጫ አደይ ብቅ ትላለች። ያችን የመጀመሪያዋን ማግኘት ለልጆች ትልቅ ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት መስከረም ሲጠባ፣ ቂርኣት በሌለበት አንድ ሐሙስ፣ አሥራ ሁለት ትንንሽ ደረሶቼን ይዤ አደይ ፍለጋ ወጣሁ። ከከተማው ጠርዝ ያለው ለእንቁጣጣሽ ገበያ ተለቅሞ አልቋል። ለቅሞ የሚሸጠው ልጅ ደብተር መግዣው ነውና አልፈርድበትም። ባሕር ዛፉን አልፈን ወደ ላይ ወጣን። ልጆቹ ተንሸራተቱ፣ ወደቁ፣ ሳቁ። አንድ ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ ዘጠኝ ዓመት የማይሞላት አንዲት ልጅ ከቋጥኝ ጀርባ «አገኘሁ!» ብላ ጮኸች። ስንደርስ አምስት ስድስት አበባ ናት፤ ከመንገድ የማትታይ፣ ጤዛው ገና ያልረገፈላት።

ልጅቱ ጎንበስ ብላ ስታያት ቆየችና «ኡስታዝ፣ እኛ ባንመጣ ኖሮ ለማን ነበር የምታብበው?» አለችኝ።

«ለአሏህ ነዋ» አልኳት፤ ቶሎ፣ ሳላስብ። ይህን ብዬ ሳልጨርስ እጄ ኪሴ ገብቶ ስልኬን አውጥቷል። ለጁሙዓ የምለጥፈው ፎቶ ተገኘ ብዬ ነበር። ስልኩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ምክንያቱም አንድ ሌላ ፎቶ ትዝ አለኝ።

ከዚያ በፊት በነበረው ረመዳን ከጀመዓችን ጋር ሆነን ለአንዲት እናት ዱቄትና ባለ አምስት ሊትር ዘይት አድርሰን ነበር። በራቸው ላይ አስቁመን ፎቶ አነሳን። እኔ ለጠፍኩት። ሰው ማሻአሏህ አለ፣ ዱዓ አደረገ፣ ሌሎችም ለመርዳት ተነሳሱ። ደስ አለኝ። የእኒህ እናት የልጅ ልጅ እኔ ጋ ይቀራ ነበር። ፎቶው በየስልኩ ሲዞር የሰፈር ልጆች «ባለ አምስት ሊትሩ» የሚል ስም አወጡለት። ልጁ አንድ ቀን ቀረ፤ በማግስቱም ቀረ። ልጠይቅ ስሄድ እማማ በሩ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ዘይቱ እኮ አለቀ፤ ፎቶው ግን አላለቀም» ብቻ አሉኝ።

ያን ቀን ፎቶውን አጠፋሁ፣ አውፍ እንዲሉኝም ለመንኳቸው። ነገሩ አለቀ ብዬም ነበር። ይኸው ተራራ ላይ እጄ ያንኑ ሲያደርግ ያዝኩት።

እስኪ የልጅቱን ጥያቄ በደንብ እንየው። ማንም ያላያት አበባ ለማን ነው የምታብበው?

እኔ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕይወት የተማርኩ ሰው ነኝ። በዚያ በኩል መልሱ ግልጽ ነው፤ ቢጫው ቀለም ለንብ ነው። ንቢቱ ስትቀስም ብናኙን ከአበባ ወደ አበባ ታደርሳለች፤ አበባዋም ዘር ትይዛለች። በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር ውስጥ ይህች አደይ አለችበት። እኛ አላየናትም ማለት ሥራ ፈት ነበረች ማለት አይደለም። ከኪታብ ስንነሳ ደግሞ፣ ሱረቱል አንዓም 59ኛው አንቀጽ የአሏህ ዕውቀት ከረገፈች ቅጠል አንስቶ በመሬት ጨለማ ውስጥ እስካለች ቅንጣት እንደሚደርስ ይነግረናል። ሁለቱም መልሶች የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ። የነገር ዋጋ የሚለካው በእኛ ዓይን አይደለም።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ አለብን። «እንደ አበባዋ ሁኑ» ብሎ መምከር ቀላል ነው። አደይ ይዩልኝ ይስሙልኝ ብላ ማበብ አትችልም። ምርጫ የላትም፤ ስለዚህ መደበቋ ጀግንነት አይደለም። እኛ ግን ስልኩ ኪሳችን ውስጥ ነው። ማሳየት እየቻልን ስንተው ነው ኢኽላስ የሚባለው ነገር ትርጉም የሚኖረው። አበባዋ መምህር ትሆነን ይሆናል እንጂ ፈተናችንን አትፈተንልንም።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ መልካም ሥራ ካልታየ ሌላው በምን ይነሳሳል?» ትሉ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሱረቱል በቀራ 271ኛው አንቀጽ በግልጽ የሚሰጥን ሰደቃ አያወግዝም፤ እንዲያውም ያወድሰዋል። ለድሆች ደብቆ መስጠትን ግን ያስበልጠዋል። እኔ ይህን ሳስብ አንድ ልዩነት ይታየኛል፤ ሰደቃውን መግለጥና ሰውየውን መግለጥ አንድ አይደሉም። «ለዚህ ጉዳይ ይህን ያህል ተሰብስቧል፣ እናንተም ጨምሩ» ማለት ሥራውን መግለጥ ነው። የተቀባዩን ፊት መለጠፍ ግን የእኛ ባልሆነ ገንዘብ መነገድ ነው። ያ ፊት የእማማ ነበር። ክብሩም የእሳቸውና የልጁ ነበር። እኔ ዘይት ሰጥቼ ከዘይት የሚበልጥ ነገር ወሰድኩባቸው።

ይህን ስጽፍም ነፍሴን አላምናትም። ጥፋትን አደባባይ ላይ መናገርም ሌላ ይዩልኝ ሊሆን ይችላል፤ «ምን ያህል ትሑት ነው» እንዲባል። ስለዚህ እማማን አስፈቅጄ ነው የጻፍኩት። የጻፍኩትም ሌላ ስልክ ሌላ በር ላይ ከመነሳቱ በፊት አንድ ሰው ቆም ይል እንደሆነ ብዬ ነው። አሏህ ኒያችንን ያስተካክልልን።

ወደ ተራራው ልመለስ። ስልኬን መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ልጆቹ ሊቀጥፉ እጃቸውን ሲዘረጉ «ተዉአት፣ ዘር ትያዝ» አልኳቸው። አኮረፉ። ያገኘቻት ልጅ ግን «ለንቧ ናት» ብላ ጓደኞቿን ገሰጸች። ጉሙ ሲመለስ እኛም ወረድን። ያ ቋጥኝ የት እንዳለ ከእኔና ከአሥራ ሁለቱ ልጆች በቀር የሚያውቅ የለም።

አሥራ ሦስተኛው ልጅ አብሮን መሆን ነበረበት። እስካሁን ወደ ቂርኣቱ አልተመለሰም። በየሳምንቱ ወደ ቤታቸው ጎራ እላለሁ፤ አንዳንዴ ሰላምታዬን ይመልሳል፣ አንዳንዴ ወደ ጓሮ ይሄዳል። ዱዓ አድርጉልን።

በዚህ ጁሙዓ አንድ ነገር እናድርግ። ከአሏህ በቀር ማንም የማያውቀው አንድ መልካም ሥራ እንሥራ፤ ትንሽ ቢሆንም። ከሠራችሁ በኋላም አደራ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሥር «አደረግኩ» ብላችሁ አትጻፉልኝ።

ጁሙዓ ሙባረክ።