እኩል መዋጮ ፍትሓዊ ነውን?

በትናንሽ ከተሞቻችን የውስጥ ለውስጥ መንገድ በኮብልስቶን እንዲነጠፍ ወይም እንዲጠገን ሲታሰብ፣ ምክር ቤቱ «እያንዳንዱ አባወራ እኩል ያዋጣ» ብሎ ቢወስን ማንንም ያልበደለ ይመስላል። ይሁን እንጂ ለባለ ሆቴሉ የአንድ ምሽት ገቢ የሆነው ገንዘብ፣ እንጀራ ጋግራ ለምትሸጠው መበለት የወር የጤፍ መግዣዋ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጡት «ማቴር ኤት ማጂስትራ» በተሰኘው መልእክታቸው የግብር ሸክም በከፋዩ አቅም ልክ ሊሆን እንደሚገባ አስተምረዋል።

«እርሷስ በመንገዱ አትሄድምን?» የሚል አይጠፋም። ትሄዳለች፤ ድንጋዩን የሚነቅለው ግን የጭነት መኪናው ነው።

ስለ መበለቲቱ ሁለት ሳንቲም የሚናገረው ወንጌል (ማር. 12፡41-44) ለእንዲህ ያለው መዋጮ ሲጠቀስ መስማት ይከብደኛል። ያቺ ሴት ወድዳ ሰጠች እንጂ ደረሰኝ ተቆርጦባት አልተጠየቀችም። የእኛይቱ መበለት ግን ውሳኔው ሲጸድቅ እንኳ በስብሰባው አትገኝም፤ በዚያ ሰዓት ምጣድዋ አጠገብ ናት።